12ቱ ኩንታል ማሾ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ደሴ ዛሬም በጭጋግ ተሸፍናለች። የጦሳ ተራራ ከፊቴ ጠፍቷል። መብራት ጠዋት እንደሄደ ነው፣ ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ በቀረችው ባትሪ ሦስት ደብዳቤ ብቻ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ይረዝማል። የሰው እንጀራ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎት። አጎቴ እህል በጅምላ ይነግዳል፤ ማሾ፣ ማሽላ፣ ጤፍ። በየገጠሩ ያሉት ወኪሎቻችን የገዙትን በቴሌግራም ይልኩልናል፣ እኔ ደግሞ መልእክቱን ተቀብሎ የሚመዘግብ ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ሠርቻለሁ። አምስት ፈንክሽን (አንድ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ነው፣ አንዱ የሌላውን ውጤት እየተቀበለ ይሄዳል። መልእክቱን ይከፋፍላል፣ ቁጥሩን ያወጣል፣ የዕለቱን ዋጋ ይፈልጋል፣ ያባዛል፣ ይመዘግባል። ባለፈው ሳምንት የቀኑ ድምር ከመጋዘኑ ቆጠራ በ12 ኩንታል አነሰ። አጎቴ መጀመሪያ ሚዛኑን ጠረጠረ፣ ቀጥሎ ሚዛን ላይ ያለውን ልጅ። ልጁ ሊባረር ምንም አልቀረውም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ እያንዳንዱን ፈንክሽን በትራይ ካች፣ በስህተት መያዣው ትእዛዝ፣ ስጠቀልል አደርኩ። ኮዱ እጥፍ ሆነ፣ የተያዘ ስህተት ግን የለም። ፈንክሽኖች አንዱ ከሌላው ሲያያዙ ስህተት የሚያዘው የት ነው? በየአንዳንዱ ውስጥ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ? መልእክቶቹንና ኮዱን አያይዣለሁ።

መልስ፦ አብሽር፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ለአጎትህ ደውልና ልጁን እንዲተወው ንገረው። ሚዛኑም ልጁም ደህና ናቸው።

ከላክልኝ መልእክቶች መሀል አንዱ «ማሾ 12 ኩንታል» አይልም። «ማሾ አስራ ሁለት ኩንታል» ነው የሚለው። በፊደል። ወኪሉ ስልኩ ላይ ቁጥሮቹን መፈለግ ታክቶት ይሆናል። እንግዲህ ይህን መልእክት ይዘን ኮድህን እንከተለው።

ሁለተኛው ፈንክሽንህ «አስራ ሁለት»ን ወደ ቁጥር ቀይር ብሎ ጃቫስክሪፕትን አዘዘው። ጃቫስክሪፕት አልጮኸም። ናን የሚባል ነገር አስረከበው። ናን ማለት «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው። የሚያስቀው፣ ዓይነትህ ምንድነው ብለህ ስትጠይቀው «ቁጥር ነኝ» ይልሃል። ይህ ናን በዋጋው ተባዛ፤ ናን በምንም ብታባዛው ናን ነው። ከዚያ ለማስቀመጥ ወደ ጄሰን፣ መረጃ በጽሑፍ ወደሚቀመጥበት ቅርጽ፣ ተቀየረ። ጄሰን ናን የሚባል ነገር አያውቅም፣ ስለዚህ በቦታው ነል፣ ማለትም «ባዶ»፣ ተጻፈ። ማታ ድምሩን ስትሠራ ደግሞ ጃቫስክሪፕት ነልን ከቁጥር ጋር ሲደምር እንደ ዜሮ ነው የሚቆጥረው።

አየኸው? ናን ሆኖ ገባ፣ ነል ሆኖ አደረ፣ ዜሮ ሆኖ ተደመረ። ሦስት ጊዜ ስሙን ሲቀይር አንድም በረኛ አላስቆመውም። ትራይ ካች የሚይዘው የሚጮህ ስህተት ነው። ያንተው ድምፁን አጥፍቶ ነው ያለፈው። ሌሊቱን የጠቀለልከው ትራይ ካች አምስት መቶም ቢሆን አይዘውም ነበር።

በዚህ የተቃጠልከው አንተ ብቻ አይደለህም። ነልን በ1965 እ.ኤ.አ. አልጎል ደብልዩ በተባለ ቋንቋ ውስጥ ያስገባው እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ነው። ኩዊክሶርት የሚባለውን የመደርደር ዘዴ የፈጠረው ሰው ነው እንግዲህ፣ ቀላል ሰው አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተነስቶ ነገሩን የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ አለው። ለምን አስገባኸው ቢባል ለመሥራት በጣም ቀላል ስለነበረ ነው።

የኔን ደግሞ ልንገርህ። እኔ 11 ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስሠራ ኖሬያለሁ። ደሴ ለብሼው የወጣሁትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ እያወለቅሁ። ለአንድ የመለዋወጫ መጋዘን የእቃ መፈለጊያ ፕሮግራም ጻፍኩ። የተፈለገው እቃ ካልተገኘ ዜሮ ይመልሳል። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የማሽን ሰንሰለት ተፈለገ። መዝገቡ ላይ በ«ሠ» ነው የገባው፣ የፈለገው ሰው በ«ሰ» ጻፈ። እኛ በአፍ አንለያቸውም፣ ኮምፒውተር ግን ይለያቸዋል። ፕሮግራሜ ኮራ ብሎ «ዜሮ» አለ። ግዢ ክፍሉ 30 ሰንሰለት ገዛ። እቃው ሲገባ መደርደሪያው ላይ ሌላ 30 ሰንሰለት ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ፕሮግራሜ «አላገኘሁትም» ማለት ሲገባው «የለም» አለ። የሁለቱ ልዩነት የዚያን ወር በጀት በልቷል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መልሱንም ያገኘሁት እዚያው መጋዘን ነው።

እቃ ለማውጣት ወረቀት ከሰው ሰው ይዞራል። ጠያቂው ይሞላል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ንብረት ክፍል ሞዴል 22 ይቆርጣል፣ በር ላይ ጥበቃው አይቶ ያሳልፋል። እኛ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ችግር ያየ ሰው የጎደለውን በቀይ ስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ያሳልፋል። ቀዩን ያየ ቀጣይ ሰው ሥራውን አይሠራም። አይፈርምም፣ አይቆርጥምም። እንዳለ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ጠያቂው እጅ ሲገባ ቀዩን ያነብና ማን ጋ እንደሚሄድ ያውቃል። መሀል ላይ ያለ ማንም ሰው ስለሌላው ስህተት ራሱን አያዞርም።

ፈንክሽኖችህ እንደዚያ ይሁኑ። ቁጥር አውጪው እርቃኑን ቁጥር አይመልስ፤ ወረቀት ይመልስ። ወረቀቱ ወይ ንጹህ ነው፣ ውስጡ 12 አለ። ወይ ቀይ ነው፣ ውስጡ «አስራ ሁለት የሚለው ቁጥር አይደለም» የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን አይችልም። ሃስኬል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን ወረቀት አይዘር ይለዋል፣ ረስትና ኤፍ ሻርፕ የተባሉት ደግሞ ሪዛልት። ጃቫስክሪፕት ለእንዲህ ዓይነቱ ተራ ሥራ አብሮት የሚመጣ የለውም፣ ግን አንተ በአምስት ደቂቃ ትሠራዋለህ። ዋናው መገጣጠሚያው ነው፦

አያይዝ (ወረቀት፣ ፈንክሽን)
— ወረቀቱ ቀይ ከሆነ፦ ወረቀቱን እንዳለ መልስ
— ካልሆነ፦ ውስጡ ያለውን ለፈንክሽኑ ስጥና የሚሰጥህን ወረቀት መልስ

ይኸው ነው። ሁለት መስመር። «ስህተት ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ከአምስቱም ፈንክሽኖችህ ወጥቶ አንድ ቦታ ገባ። ዋጋ ፈላጊው ዋጋ ብቻ ይፈልጋል። ቀይ ወረቀት ከመጣ አይጠራም፣ እንደተኛ ይቀራል። ይህን መገጣጠሚያ ሞናድ ብለው ሲጠሩት ብዙ ተማሪ ይደነግጣል። ጣሊያናዊው ኢውጄኒዮ ሞጂ በ1980ዎቹ መጨረሻ በሒሳብ አሳየው፣ ፊሊፕ ዋድለር ደግሞ ለሃስኬል ሰዎች አመጣላቸው። አንተ ቀይ ስክሪብቶ በለው፣ ማንም አይከስህም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ትወድቃለህ፣ ሁሉም ይወድቃል። ማባዛት አይሳሳትም። ሁለት ቁጥር ከሰጠኸው ሁልጊዜ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ወረቀት አይመልስም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሌላ መገጣጠሚያ አለ፣ ማፕ ይባላል። ውስጡን አውጥቶ፣ ፈንክሽኑን ጠርቶ፣ ውጤቱን ራሱ ወረቀት ላይ ያሰፍርልሃል። ዋጋ መፈለግ ግን ሊሳሳት ይችላል፣ ራሱ ወረቀት ይመልሳል። ለእሱ ከላይ ያለውን አያይዝን ነው የምትጠቀመው፣ በብዙ ቋንቋ ፍላትማፕ የሚሉት ነው። ተሳስተህ ለዋጋ ፈላጊው ማፕ ብትጠቀም ምን ይሆናል? ማፕ ያንን ቀይ ወረቀት በሌላ ንጹህ ወረቀት ላይ በስቴፕለር ይይዘዋል። ከላይ ሲታይ ንጹህ፣ ቀዩ ከሥር። ቀጣዩ ፈንክሽን ንጹህ ነው ብሎ ይገባና ቁጥር ሲጠብቅ ወረቀት ያገኛል። ዋጋው ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ሲገኝም ይበላሻል። ሃስኬል ውስጥ ብትሆን ኮዱን ከመሮጡ በፊት የሚፈትሸው ኮምፓይለር አንገትህን ይይዝህ ነበር። ጃቫስክሪፕት ውስጥ የሚጠብቅህ የለም፣ ስለዚህ የትኛው ፈንክሽን ወረቀት እንደሚመልስ በስሙ ለይተው።

ስህተቱ የሚፈታው የት ነው ላልከው፣ አንድ ነገር ማድረግ የሚችል ሰው ያለበት ቦታ ላይ ነው። ያንተ ሰንሰለት ውስጥ ያ ሰው ወኪሉ ነው። ስለዚህ ጫፍ ላይ አንዴ ብቻ ወረቀቱን ክፈት። ንጹህ ከሆነ መዝግብ። ቀይ ከሆነ ለወኪሉ በቴሌግራም «ማሾ አስራ ሁለት ኩንታል ያልከው አልተመዘገበም፣ ቁጥሩን በአሃዝ ጻፈው» ብለህ መልስ። እንዲህ ማለት የምትችለው ቀዩ ጽሑፍ ዋናውን መልእክት ይዞ ከመጣ ነው። «ስህተት ተፈጥሯል» ብቻ የሚል ፕሮግራም መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ብላ ፊቷን ከምታዞር ገንዘብ ተቀባይ አይሻልም።

የዕለቱ ዋጋ ካልገባስ? የትናንቱን ልውሰድ ልትል ትችላለህ። አንዳንዱ የኮድ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ዝግጁ ኮድ፣ ለዚህ የተዘጋጀ መገጣጠሚያ አለው፣ ቀይ ከሆነ ይህን ሞክር የሚል። እኔ በእህል ዋጋ ላይ አላደርገውም። ካደረግከው ግን ወረቀቱ ላይ «በትናንት ዋጋ» የሚል ይጻፍበት። አለበለዚያ ያው ዜሮህን በሌላ ስም መልሰህ አስገባኸው ማለት ነው።

ሁሉን ነገር ደግሞ ቀይ አታድርግ። ወኪል በፊደል መጻፉ የሚጠበቅ ነው፣ ቀይ ወረቀት ይገባዋል። የራስህ ኮድ ስህተት ግን፣ የተለዋዋጭ ስም አሳስተህ እንደሆነ፣ ይጩህና ይውደቅ። ረስት ይህን በግልጽ ለይቶታል፤ ለሚጠበቀው ሪዛልት፣ መሆን ለሌለበት ፓኒክ።

የመጨረሻው ነገር ምዝገባው ነው። ሰንሰለቱ የሆነውን አይመልስም። ከተመዘገበ በኋላ «ደርሶናል» የሚለው መልስ ኔትወርክ ጠፍቶ ቢቀር፣ ወረቀቱ ቀይ ይሆናል፣ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው። ወኪሉ መልስ አላገኘሁም ብሎ በድጋሚ ይልካል። አሁን ደግሞ 24 ኩንታል ሆነልህ፣ አጎትህም በተቃራኒው ይጠረጥራል። መልስ መላኩን ከምዝገባው ሰንሰለት ለይና ለብቻው ያዘው። የላኩበት መልእክት ቴሌግራም የሚሰጠው መለያ ቁጥር አለው፤ መዝገብህ በወኪሉና በዚያ ቁጥር አንድን መልእክት ሁለቴ አልቀበልም ይበል። ወኪሉ ራሱ እንደ አዲስ ጽፎ ከላከው ግን ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ያኔ «ይህን ዛሬ ልከሃል፣ ልድገመው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ፈንክሽን ጨምር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ነው የምሠራው። የመመዝገቢያ ቅጹን የሚያጣራ ፕሮግራም በዚሁ በሰንሰለት መንገድ ሠርቼ ነበር። የልጁ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የወላጅ ስልክ፣ የክፍል ደረጃ፣ በየተራ ይጣራሉ። ይሠራል። ግን ወላጆች አማረሩኝ። ስልኩን ሲያስተካክሉ የትውልድ ቀን ተሳስቷል ይላቸዋል፣ እሱን ሲያስተካክሉ ሌላ። አንዷ እናት አራት ጊዜ ተመላልሳ አለቀሰችብኝ። ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሰንሰለትሽ ትክክል ነው። ቦታው ነው ያልሆነው።

ሰንሰለት የሚያስፈልገው ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን ውጤት ሲፈልግ ነው። ከላይ ከኮምቦልቻ የጻፈው ልጅ ቁጥሩን ሳያወጣ ማባዛት አይችልም። ያንቺ ግን ስልኩ የትውልድ ቀኑን ምን ያደርግለታል? አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። አንቺ በሰልፍ አቆምሻቸው፣ ሰልፉ ደግሞ መጀመሪያ ቀይ ያየበት ቦታ ላይ ይቆማል። ይህ እኮ የምናውቀው ነገር ነው። ፎቶ ጎድሏል ተብለሽ ትመለሻለሽ፣ ፎቶ ይዘሽ ስትሄጂ ማህተም የለውም ይሉሻል፣ ማህተም አስመትተሽ ስትመጪ ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል።

አራቱንም ለየብቻ አጣሪ። አራት ወረቀት ይኖርሻል። ከዚያ የሚሰበስብ አንድ ፈንክሽን ጻፊ። አራቱም ንጹህ ከሆኑ ከውስጣቸው የተማሪውን መዝገብ ይሠራል። አንድም ቀይ ካለ፣ ቀይ የሆኑትን ሁሉ ጽሑፍ በአንድ ዝርዝር ሰብስቦ አንድ ቀይ ወረቀት ይመልሳል። ወላጅዋ አንዴ አይታ አራቱንም ታስተካክላለች። እንደ ሃስኬል ባሉ ፈንክሽናል ቋንቋዎች የሚጽፉ ሰዎች ይህን አፕሊኬቲቭ ይሉታል፣ የኮድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቫሊዴሽን በሚል ስም ታገኚዋለሽ። ስሙን መያዝ ግዴታ የለብሽም።

ከዚያ በኋላ ያለው፣ ለምሳሌ ክፍሉ ውስጥ ቦታ መኖሩን ማየት፣ ክፍያ መቀበል፣ ያ ሰንሰለት ነው። የክፍል ደረጃው ካልታወቀ ቦታ መኖሩን ማየት አይቻልማ። ስለዚህ መጀመሪያ ጎን ለጎን፣ ቀጥሎ በተራ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የትውልድ ቀን ላይ ጳጉሜን 5 ብሎ የሚመጣ ልጅ ይኖራል። ፕሮግራምሽ ወሩ ከ12 አይበልጥም ካለ ያ ልጅ ሳያጠፋ ቀይ ይመጣበታል። እዚያ ላይ የተሳሳተው ወላጅ አይደለም።

ጥያቄ፦ እዚሁ ደሴ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ በሚያስኬደው ኖድ ላይ ፕሮሚሶችን (ውጤታቸው ቆይቶ የሚመጣ ሥራዎችን) በዜን (then) አያይዤ መጨረሻ ላይ አንድ ካች (catch) አድርጌያለሁ። ሆኖም አንዳንዴ ስህተቱ ካቹን ሳይነካው ፕሮግራሙ ይወድቃል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስህተት ተፈጥሮ ሁሉም ነገር ተሳክቷል ይለኛል። ኮዴን አያይዣለሁ።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ዜን በመጀመሪያው መልስ ያየነው አያይዝ ነው፣ ካች ደግሞ ቀዩን የሚከፍተው። እንደ ኔትወርክ ላለ ጊዜ ለሚወስድ ሥራ ጃቫስክሪፕት ራሱ ያዘጋጀልህ ወረቀት ፕሮሚስ ነው።

የመጀመሪያው፦ ሦስተኛው ዜን ውስጥ ጥምዝ ቅንፍ ከፍተህ ሌላ ፕሮሚስ ጠርተሃል፣ ግን ሪተርን፣ «ውጤቱን መልስ»፣ አላልክም። ያ ፕሮሚስ ከሰንሰለቱ ተገንጥሎ ለብቻው ሄደ። ሲበላሽ የሚቀበለው የለም። ድሮ ኖድ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ዝም ይል ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 15ኛው እትም ጀምሮ ግን ያልተያዘ ፕሮሚስ ፕሮግራሙን ይጥለዋል። ቅንፍ ሳትከፍት በቀስቱ (=>) ብቻ ብትጽፈው ራሱ ይመልስልህ ነበር። ቅንፍ ከከፈትክ ግን ሪተርን ያንተ ዕዳ ነው።

ሁለተኛው፦ መሀል ላይ፣ አምስተኛው መስመር አካባቢ፣ አንድ ካች ደብቀሃል። ስህተቱን ስክሪን ላይ ጽፎ ምንም አይመልስም። ካች ስህተቱን እንደገና ካልወረወረው ሰንሰለቱ ድኗል ብሎ ነው የሚቀጥለው። ቀጣዩ ዜን ባዶ እጁን ይቀበልና «ተሳክቷል» ይላል። ያንን ካች አውጣው። ለማንበብ ብለህ ካስቀመጥከው ደግሞ ከጻፍክ በኋላ ስህተቱን መልሰህ ወርውረው።

ሪተርኑን ጨምርና ዛሬ ማታ ሞክረው። አሁንም ከወደቀ ሙሉውን የስህተት ጽሑፍ ላክልኝ፣ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተህ አይደለም፣ ጽሑፉን ኮፒ አድርገህ። የኔ ባትሪ 4 ከመቶ ላይ ደርሷል።